ማዶ ለመሻገር የፈታሁት ፓምፕ

ያን ዓመት እህቴ መደወል ካቆመች አምስት ወር አልፎ ነበር። በስምንት ዓመት ታንሰኛለች። ዓረብ አገር ሄዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ በየሁለት ሳምንቱ አርብ አርብ ትደውልልናለች። አንድ አርብ ቀረች። የሚቀጥለውም ቀረ። ቁጥሯን ስሞክር የማላውቀው ቋንቋ የምትናገር ሴት ያንኑ ነገር ትደጋግምልኛለች። እናቴ መጀመሪያ ላይ ከሥራ ስገባ «ደወለች?» ትለኝ ነበር። በኋላ መጠየቁን ተወችው። ፊቴን ብቻ አየት አድርጋ ወደ ጓዳ ትመለሳለች። የባሰብኝ እሱ ነው።

ሥራዬ ፓምፕ መጠገን ነው። ሰቆጣ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የተተከሉ የእጅ ፓምፖች ሲበላሹ ዕቃዬን በከረጢት ይዤ በሞተር ሳይክል እሄዳለሁ። በዚያ ሰሞን ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። አንዱ መንደር መፍቻ ረስቼ ሌላው መንደር ባዶ እጄን እደርሳለሁ። ቁጭ ስል መነሳት ያምረኛል፤ ስነሳ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ አይቼ እመልሰዋለሁ፤ ገና ከመመለሴ ደግሞ አወጣዋለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ከኒሯቅ በኩል የመጣ የፍየል ነጋዴ ፈልጎ አገኘኝ። ድሮ መንደሩ ፓምፕ ስጠግን ያውቀኛል።

«ከሐይቁ ማዶ አንዲት ልጅ ከዓረብ አገር ከተመለሰች ሦስት ሳምንት ሆኗታል» አለኝ። «እህትህ ያለችበት ከተማ ነበረች። በስሟ ጠርታ ‹አውቃታለሁ› አለች አሉ።»

«ደህና ናት አለች?»

«እሱን እኔም አልሰማሁ። የነገረኝም ሰው አልሰማም።»

በነጋታው ፈቃድ ጠየቅኩ። ልጅቷ ስልክ የላትም፤ መንደሯም ኔትዎርክ አይደርሰውም ተባልኩ። በጽጽቃ በኩል ልዙር ብል ሁለት ቀን የእግር መንገድ ነው፤ በዚያ ላይ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። በሐይቁ ከተሻገርኩ ግን ግማሽ ቀን አይፈጅም። ለእናቴ የት እንደምሄድ አልነገርኳትም። «ለሥራ ነው» አልኳት። ዕቃዬን በከረጢት የያዝኩት ውሸቴን ለማሳመር ነበር።

በጭነት መኪና ኒሯቅ ድረስ ሄጄ፣ ከዚያ ቁልቁል በእግሬ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ስደርስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆኗል፤ ሙቀቱ ከወዲሁ ይጋረፋል። የተከዜ ግድብ ውሃ ቆላውን ሞልቶታል። ደርቀው የቆሙ የግራር ጫፎች እዚህም እዚያም ከውሃው ብቅ ብለዋል። ዳር ላይ አራት ባለሞተር ጀልባዎች ታስረዋል፤ ቤንዚን ስለጠፋ ከቆሙ ሳምንት ሆኗቸዋል። አምስተኛዋ ሞተር የላትም። ትንሽ፣ ያረጀች፣ ነጭ ቀለሟ የተላጠ፣ መሃሏ ላይ ምሰሶ የቆመባት ባለሸራ ጀልባ ናት። ከዓመታት በፊት ከጣና በመኪና ተጭና መጣች ይባላል። ሸራዋ ብዙ ቦታ ተጥፏል።

ባለቤቷ ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው፤ መረብ ሲጠግኑ አገኘኋቸው። በኽምጥኛ የሆነ ነገር ሲያጉረመርሙ ነበር፤ እኔን ሲያዩ ወደ አማርኛ ተመለሱ። ሰላምታ ተለዋውጠን ሳንጨርስ ጉዳዬን ጀመርኩ።

«አባቴ፣ ማዶ ያሻግሩኛል? ዛሬውኑ።»

«ዳር ዳሩን ከሆነ እሺ። መሃሉን ግን አልቆርጥም።»

«ለምን?»

«ታፈሳለች። ውሃዋን የሚያወጣው ፓምፕ ከሞተ ሁለት ወሩ ነው።»

ወስደው አሳዩኝ። ከእግር ማሳረፊያው ሳንቃ በታች፣ በጀልባዋ ሆድ ውስጥ፣ እጅ የማይገባበት ጠባብ ክፍተት አለ። የሚያፈሰው ውሃ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። በጣሳ ልቅዳው ቢሉት አይደረስበትም። ዳር ላይ ሲሆን ጀልባዋን አሸዋ ላይ ጎትተው፣ ሳንቃውን ነቅለው ያደርቋታል። መሃል ውሃ ላይ ግን ያለ ፓምፕ ዘዴ የለውም።

«ፓምፕ ከሆነማ የእኔ ሥራ ነው» አልኩ። ከረጢቴን መሬት ላይ ጣልኩት።

«የጀልባ ፓምፕ ጠግነህ ታውቃለህ?»

«ፓምፕ ፓምፕ ነው።»

ከረጢቴን አየት አደረጉ። ከዚያ ወደ መረባቸው ተመለሱ።

ፓምፑ ከመሪው አጠገብ የተገጠመ፣ ትንሽ ድስት የሚያህል ነገር ነው። አናቱ ላይ ወፍራም ላስቲክ ተወጥሮበታል፤ እጀታውን ወደ ላይና ወደ ታች ሲሉት ላስቲኩ ይነሳል፣ ይወድቃል። አንድ ቱቦ ከታች ከጀልባዋ ሆድ ውሃ ያመጣል፤ ሌላው በጎኗ በኩል ወደ ውጭ ይተፋል። እጀታውን ሞከርኩት። ቀለለኝ፤ ምንም የሚሸከመው ነገር የለም። «ላስቲኩ ተቀዷል» ብዬ ወዲያው ፈረድኩ።

ስድስት ብሎን አለው። አምስቱን በካቻቢቴ ፈታሁ። ስድስተኛው ዝጓል፤ ዘይት ጠብ አድርጌ ትንሽ መታገሥ ሲገባኝ በፒንሳ ይዤ አጠማዘዝኩትና ጭንቅላቱ ተቆረጠ። ላስቲኩን አውጥቼ ወደ ፀሐይ አነሳሁት። እርጅና የሰነጣጠቀው ነገር ነበረው፤ የተቀደደ ቦታ ግን አላየሁም። ቢሆንም ልቤ አስቀድሞ ፈርዷል። ለሞተር ሳይክሌ መጠባበቂያ የያዝኩትን የጎማ ካላማዳሪያ ቆርጬ አዲስ ላስቲክ ሠራሁ፣ በአምስት ብሎን አሰርኩት፣ እጀታውን ያዝኩ።

አየር ብቻ። ፉስ፣ ፉስ ይላል።

እንደገና ፈታሁ። ላስቲኩን ሁለት እጥፍ አደረግኩት። እንደገና አሰርኩ። እንደገና ፉስ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ደርሳለች። ማዶውን ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ልጅቷ ያለችበት መንደር ያ ይሆን፣ ይኼኛው ይሆን እያልኩ ቁልቁለቱን አማርጣለሁ። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትዎርክ የለም። ኪሴ ከተትኩት። መልሼ አወጣሁት።

ሰውዬው ውሃ በጣሳ ይዘው መጡ።

«ጠጣ» አሉኝ። «ማን ታሞብህ ነው?»

«ማንም አልታመመም።»

«እንግዲያው ማን ጠፍቶብህ ነው?»

ነገርኳቸው። ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን ለማላውቀው ሰው ዘረገፍኩት። ሰምተው ጨረሱ። ሳንቃው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ፓምፑን አዩት።

«እናንተ መንደር ውስጥ ፓምፕ ውሃ አልሰጥ ሲል መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«የት ድረስ እንደሚስብ እፈትሻለሁ።»

«ይህንንስ ፈተሽከው?»

አፈርኩ። አልፈተሽኩትም።

ከዚያ ሥራውን እንደ ሰው ጀመርኩት። ከታች የሚመጣውን ቱቦ ከፓምፑ አፍ ላይ ነቀልኩና መዳፌን አፉ ላይ ደፍኜ እጀታውን አነሳሁ። መዳፌን ጠባው። ሲለቀኝ ጧ አለ። እንግዲህ ፓምፑ ራሱ ጤነኛ ነው፤ ግማሽ ቀን ሙሉ የደበደብኩት ያልታመመውን ነው። ችግሩ ከታች ነው። ሳንቃውን ነቀልን። የቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ማጥለያ በዓሣ ቅርፊትና በመረብ ክር ተጠቅጥቋል፤ በሽቦ ጠረግኩት። ቱቦውን መልሼ ስሞክር ውሃ መጣ፤ ግን ግማሹ አረፋ ነው። አየር ከየት ይገባል? የቱቦውን አንድ ጫፍ በአውራ ጣቴ ደፍኜ፣ መሃሉን ባልዲ ውስጥ እየነከርኩ በሌላው ጫፍ በአፌ ነፋሁ። መታጠፊያው ላይ ካለ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አረፋ ወጣ።

«ይኼውልህ» አሉ ሰውዬው። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ተደሰቱ።

የተሰነጠቀውን ቆርጬ ጣልኩ፣ ሁለቱን ጫፎች በአጭር የብረት ቧንቧ አገናኘሁ፣ በካላማዳሪያ ጠቀለልኩ፣ ግራና ቀኝ ፋሸታ በሚባለው የብረት ማሰሪያ አጠበቅኩ። እጀታውን ስይዘው ከበደኝ። ያ ክብደት እንዴት ደስ እንዳለኝ! ውሃው በጎኗ በኩል ወደ ውጭ ተተፋ።

ሳቆም ግን ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ታች ሲመለስ ተሰማ። ፓምፑ ውስጥ ውሃ እንዳይመለስ የሚያግድ ትንሽ የላስቲክ ምላስ አለ፤ ቫልቭ ነው። እሱ በደንብ አልገጠመም ማለት ነው።

«ይመለሳል» አሉኝ።

«ትንሽ ነው። ይበቃል።»

«ማየት አይሻልም?»

«አባቴ፣ ይበቃል። እንሂድ።»

ፀሐይ እያዘቀዘቀች ስለነበር ዛሬ አይሆንም አሉኝ። ጎጆአቸው ውስጥ ዓሣ ጠብሰው አበሉኝ፤ ራታችንን ስንበላ ማሳቸው የነበረው ከዚሁ ውሃ ሥር እንደሆነ ነገሩኝ። ውሃው ሳይሞላ በፊት ዛፎቹን ቁረጡ ተብለው ነበር። «እኔ እምቢ አልኩ» አሉ። «አባቴ የተከለውን ግራር በእጄ እንዴት ልጣል? ይኸው አሁን ጀልባዬን የሚወጋት እሱ ነው።» ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ ጆሮዬ ሰማ እንጂ ልቤ ማዶ ነበር።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። ነፋሱ ለስላሳ ነበር። ሸራው ቀስ ብሎ ሞላና ዳሩ መራቅ ጀመረ። ዕድሜዬን ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ጥልቅ ውሃ ስለምፈራ የጀልባዋን ጠርዝ ጨምድጄ ያዝኩ። እሳቸው መሪውን ይዘው በቀኝም በግራም ያሉትን ዛፎች እያዩ ውሃውን እንደ ሰፈር ይነግሩኛል።

«አሁን የጎረቤቴ በረት ላይ ነን። ቀጥሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንወጣበት መንገድ ነው። እዚህ ጋ ጥልቅ ነው፤ ወንዙ ነበር።»

እኔ በየመሃሉ እጀታውን እስባለሁ። ውሃው ይወጣል። «አዩ አይደል!» ልል ምንም አልቀረኝም።

አጋማሹን ካለፍን በኋላ ከገደሉ በኩል ነፋስ መጣ። ጀልባዋ ተጋደለች። ሰውዬው መሪውን ወደ ራሳቸው ሲስቡ ከሥራችን ረጅም የመፋቅ ድምፅ ሰማን፤ ቀጥሎ ቋ አለ። ጀልባዋ ተንቀጥቅጣ አለፈች።

«ይህቺኛዋን ግራር ረሳኋት» አሉ ቀስ ብለው።

በሳንቃዎቹ መካከል ውሃ ብቅ አለ። እጀታውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሃያ ጊዜ ያህል በደንብ ሳበ። ከዚያ በድንገት ቀለለኝ። ፉስ።  ደግሜ ሳብኩ፣ ደግሜ፤ ፉስ፣ ፉስ። ውሃው ሳንቃውን አልፎ ጫማዬ ውስጥ ገባ።

«አይስብም!» ጮህኩ። «አባቴ፣ እንመለስ! እንመለስ!»

«መመለሻውም መሄጃውም እኩል ነው።» ሸራውን አወረዱና መቅዘፊያ ያዙ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ቁጭ በል። ፍታው።»

«እዚህ? ብሎኑ ውሃ ውስጥ ቢወድቅብኝስ?»

«ቆብህ ውስጥ አስቀምጠው። ውሃው ቁርጭምጭሚትህ ላይ ነው፤ ጉልበትህ እስኪደርስ ጊዜ አለን። ትናንት ነበር ጊዜ የሌለህ።»

ቆቤን አውልቄ ጭኔ ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩት። ካቻቢቴው ከብሎኑ ላይ ይንሸራተታል። አንድ። ቆብ ውስጥ። ሁለት። ቆብ ውስጥ። እሳቸው እየቀዘፉ ከእኔ ጋር በኽምጥኛ ይቆጥራሉ። ቁጥሩን አላውቀውም፤ ግን እያንዳንዱ ብሎን ሲወጣ የሚሉትን ቃል እየጠበቅኩ እጄ ልክ ገባ። አምስተኛው ወጣ። ክዳኑን አነሳሁ። ጣቴን ከታች ወዳለው ቫልቭ ሰደድኩ። የሆነ ቀጭን ነገር ምላሱን ደግፎ ክፍት አድርጎታል። በጥፍሬ ጎትቼ አወጣሁት።

የካላማዳሪያ ቁራጭ ነው። ጣት የሚያህል፣ ጥቁር። ትናንት ቱቦውን ስቀጥል የቆረጥኩት ነው፤ የፓምፑ አፍ ክፍት ሳለ ውስጥ ገብቶ ቀርቶ ኖሯል። ትናንት እሳቸው እንዳሉት ምላሱን ለማየት ብፈታው ኖሮ ዳር ላይ ሆኜ አገኘው ነበር።

«የእኔ ነው» አልኳቸው። «እኔ ነኝ የጣልኩት።»

«አየሁት» አሉ። «አሁን ግጠመው።»

ምላሱ በአንድ በኩል ተበልቶ ተቆልምሟል፤ ውሃ ሲመልስ የነበረው ለዚያ ነው። ገልብጬ ደህናውን ጎን ወደ መቀመጫው አደረግኩት። በጣቴ ተጫንኩት፤ ተኛ። ክዳኑን መለስኩ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ፣ ላለመቸኮል ከራሴ ጋር እየታገልኩ አጠበቅኩ። ውሃው ከቁርጭምጭሚቴ ወደ ላይ አንድ ጣት ጨምሯል። እጀታውን ያዝኩ። መጀመሪያ አየር። ሁለተኛ አየር። ሦስተኛው ላይ ከበደኝ።

ማዶ እስክንደርስ አላቆምኩም። መዳፌ ተልጦ ደም እጀታው ላይ ቀረ። አሸዋው ላይ ስንወጣ ሰውዬው ጀልባዋን ጎትተው በጎኗ አጋደሟትና የተጫረውን ቦታ በእጃቸው ደባበሱት። እኔ ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት፣ «ሂድ፣ ልጅቷ እርሻ ሳትወርድ ድረስባት» አሉኝ። «እኔ ስፌቷን እደፍናለሁ፤ ነገ ጠዋት እጠብቅሃለሁ።»

ቤቱን ያገኘሁት ሰው ጠይቄ ነው። አባቷ ወንበር አወጣልኝ። ልጅቷ ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ዓመት ይሆናታል፤ ቀጭን፣ ነጠላዋን አፏ ድረስ የተከናነበች። የማን ወንድም እንደሆንኩ ስነግራት የያዘችውን እንቅብ አስቀመጠች። አባቷ ከብት ሊያጠጣ ሲሄድ ጠብቃ ነው የተናገረችው።

«በሕይወት አለች፣ ጋሼ።»

ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋሁ። 

«እመቤቲቱ ስልኳን ቀማቻት። ቤት ትቆልፍባት ነበር። አንድ ቀን በኩሽና በር ወጥታ ጠፋች። ፓስፖርቷ እነሱ ዘንድ ነው። አሁን ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ናት፤ የቀን ሥራ እየፈለገች ሰው ቤት ታጸዳለች። እኔም እዚያው ክፍል ነበርኩ። ከዚያ ፖሊሶች ያዙኝና መለሱኝ።»

«ስልክ የላትም?»

«የአንዷን ይጋራሉ። ቁጥሩን በቃሌ ነው የያዝኩት።» እንደ ውዳሴ ማርያም ሳትሳሳት አነበነበችው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን ቁጥር ይዛ ነበር። ይህን ሳስብ ፊቴ ሳይለወጥ አልቀረም፤ ዓይኗን ሰበረች።

«መላክ ነበረብኝ፤ አውቃለሁ» አለች። «ፈርቼ ነው። ‹አንቺ ስትመለሺ እሷን ለምን ጥለሻት መጣሽ› ይሉኛል ብዬ።»

ያንኑ ላስብ እየተንደረደርኩ ነበር። «እግዜር ይስጥሽ» አልኳት። 

ኔትዎርክ ያለው ከመንደሩ በላይ ያለ ኮረብታ ላይ ነው። ልጅቷ እስከ ግማሽ መንገድ ሸኘችኝ። ወጣሁ፤ ስልኬን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጌ እየዞርኩ አንድ መስመር ስትመጣ ቆምኩ። ሚስኮል አደረግኩ። ጠበቅኩ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ኔትዎርኩ ሄደ፣ ተመለሰ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመስለኛል፣ ስልኩ ጮኸ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

 ከኋላዋ የሴቶች ድምፅና የዕቃ ኳኳታ ይሰማል።

«ማን ሰጠህ ቁጥሩን?» አለች። ተቆጥታለች።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። የት ሆነህ ነው?»

«ማዶ ነኝ። ሐይቁን ተሻግሬ መጣሁ። አንቺን ፍለጋ።»

«አንተ ውሃ ትፈራ የለም እንዴ?» ድምፅዋ ትንሽ ሟሸሸ። ወዲያው መልሳ አጠነከረችው። «ስማኝ፣ ስልኩ የሰው ነው። ለእማዬ ‹ደህና ናት› በላት። ቤቱን መልቀቄን አትንገራት።»

«ነይ ግን። ተመለሺ።»

«በምን ወረቀት? እስር ቤት ገብቼ ካልሆነ አይመልሱኝም። ትንሽ ልቆይ። እደውላለሁ።»

«መቼ?»

ተቋረጠ። ኔትዎርኩ ይሁን እሷ ትዝጋው አላወቅኩም። ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚያው ቆምኩ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ልቤን ላሳርፍ ነበር። በሕይወት መኖሯን ሰማሁ፤ እግሬ ግን አሁንም ወዴት ልሂድ እያለ ይሟገተኛል።

በማግስቱ ሰውዬው መልሰው አሻገሩኝ፤ በሁለተኛው ቀን እቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። የተላጠውን መዳፌን አየችው።

«ሥራ ነው ያልከኝ» አለች።

«ደውላለች፣ እማዬ። አነጋግሬያታለሁ። ደህና ናት።»

ግድግዳውን ደገፈች። «አለቀሰች?» አለችኝ።

«የለም። እንደውም ተቆጣችኝ።»

«እንግዲያው ደህና አይደለችም» አለች እናቴ። «የኔ ልጅ ደህና ስትሆን ነው የምታለቅሰው።»

ያን ጊዜ መዋሸት አቃተኝ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ የኩሽናውን በር፣ ፓስፖርቱን፣ ክፍሉን። አንዴም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ቁጥሩን በወረቀት ጻፍልኝ አለች፤ ማንበብ ግን አትችልም። ወረቀቱን አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

እህቴ ከዚያ ወዲህ ትደውላለች። አርብ ብቻ ሳይሆን በፈለጋት ቀን ነው፤ አንዳንዴ ለሁለት ደቂቃ፣ አንዳንዴ እናቴ ‹ሃሎ› ብላ ሳትጨርስ ይቋረጣል። ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ አለቀሰች። እናቴ ያን ቀን ራቷን በላች። እኔ በረንዳ ላይ ወጥቼ ስንቆራጠጥ ቆየሁ።